በረኛ ስለ መሾም ከግሸን አምባ የተላከ ጦማር

ይድረስ ለክቡራን የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን አለቆች፤

ቅርጿ መስቀለኛ፣ በሯም አንዲት ብቻ ከሆነች ከደብረ ከርቤ ግሸን ማርያም ሆነን ይህን ጦማር ስንጽፍላችሁ፣ ኳስ አንድ ጊዜ ከዳር ካለፈች ወርዶ የሚያመጣት በማይገኝበት አምባ የሚኖር ሰው ስለ ጨዋታ ምን ያውቃል እንደምትሉ አይጠፋንም። ነገር ግን ለታላቅ ሹመት የታጨውን ሰው ከዓለም ሰውሮ በማቆየት፣ ባስፈለገም ጊዜ በድንገት አውርዶ በማንገሥ ረገድ ከእኛ አምባ የሚቀድም በኢትዮጵያ አልነበረምና፣ በዚህ ጉዳይ ቃል ብንሰጥ አያስነውርም።

የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች በመንግሥት እንዳይፋጁ እየተባለ በዚህ አምባ ይጋዙ እንደ ነበር፣ ንጉሡም ባረፈ ጊዜ መኳንንቱ ተማክረው መጽሐፍ ሲደግም እንጂ አገር ሲያስተዳድር ያልታየውን አንዱን ግዞተኛ ከገደሉ አውርደው ዘውድ ይደፉለት እንደ ነበር ታውቃላችሁ፤ ዘርዐ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም.፣ ኋላም ናዖድ የነገሡት ከዚሁ ወርደው ነው። ይህ ሥርዓት አምባው በግራኝ ዘመን ሲያዝ አብሮ የጠፋ መስሎን ስናዝን ኖረን፣ እናንተ ዘንድ ሳይጎድል መቀመጡን ባየን ጊዜ ደስታችን ወሰን አጣ፤ ግዞቱ ብቻ ስሙን ለውጦ የተጠባባቂ ወንበር ተብሏል።

ለብዙ ዓመታት እንዳየነው፣ ታላላቆቹ ክለቦቻችን በረኛ ከኡጋንዳ፣ በረኛ ከጋና ሲያስመጡ ኖረዋል። የመጣው እንግዳ ለእንጀራው የሚተጋ ባለሙያ ነውና እርሱን አንነቅፍም፤ ያገሩ ልጅ ግን ጓንቱን አጥልቆ፣ በማሟሟቂያው ሰዓት ጥቂት ኳስ ይዞ፣ ከዚያ በኋላ ዘጠና ደቂቃ ወንበር ሲያሞቅ ክረምትና በጋ ይፈራረቁበታል። በዚህ መካከል የብሔራዊ ቡድን ጥሪ ይመጣና ከአምባው ወርዶ በአንድ ቀን ይነግሣል፤ አንዲት ኳስ በእጆቹ መካከል ሾልካ ያለፈች እንደ ሆነ ግን ‹‹ይህን ደግሞ ማን መረጠው?›› ብሎ ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው መራጩ ራሱ ነው። ዘርዐ ያዕቆብስ ከዚያው ወርዶ ኃያል ንጉሥ ሆኖ የለም ወይ ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ስንቱ ዘርዐ ያዕቆብ ግን ሳይጠራ እዚሁ አረጀ?

ምርጫችሁ ምክንያቱ ተጽፎ ስለማይወጣ፣ በአገሩ መራጭ ያልሆነ ሰው ጠፍቷል። ሐይቅ ከተማ ሻይ ቤት አራት ሰው ሲቀመጥ አምስት ቡድን ይመረጣል፤ አንዱ ቁመት ይላል፣ አንዱ ድፍረት ይላል፤ ውበቱ አባተ ኳስን ከኋላ መሥርቶ የሚጫወተውን ቡድን ይዞ በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ከወረደ ወዲህማ፣ በእጁ ብቻ ሳይሆን በእግሩም የተማረ በረኛ ካልተገኘ ብሎ የሚሟገት ሌላ ማኅበር ተነሥቷል።

አንድ ሌሊት ግን አንረሳም፤ ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። ግብጽን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣነው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበረ፤ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋራ የተጋጠሙትም በ2005 ዓ.ም. በዚያው በጥር 13 ቀን ነው፤ ነገሩ 1 ለ 1 ሲያልቅ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ ነበር። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ያሸነፈችንን እንለፈውና፣ ከናይጄሪያ ጋራ የተጫወትንበት ጥር 21 ቀን የአስተርእዮ ማርያም በዓል ነበረ። ያን ምሽት ምእመናን ነጠላቸውን ተከናንበው በየጥጉ ጋደም ብለው ሳለ፣ አንድ ዲያቆን ትንሽ ራዲዮኑን ከጆሮው ጋራ አጣብቆ፣ ባትሪዋ ስትደክምበት እያወጣ በመዳፉ እያሸ ይሰማ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በረኛው ሲሳይ ባንጫም በቀይ ካርድ ወጣ፤ ቅያሪ አልቆ ኖሮ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጠለቀ።

‹‹ልጄ፣ አሁን በሩን ማን ያዘው?›› አሉ አንዲት መነኵሲት፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብለን ያለፍናቸው።

‹‹የተገኘው ነው፣ እማሆይ።››

ስለ ቆጠራማ ባናነሣ ይሻል ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን፣ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች በቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ኖሮ፣ 2 ለ 1 ያሸነፍነውን ጨዋታ ፊፋ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፍን ቈጥሮ ሦስት ነጥባችንን ሲነጥቀን፣ የአምባችን ዘበኞች ቢያንስ ግዞተኞቻቸውን ሳይቈጥሩ እንደማያድሩ አስበን አመሰገንናቸው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ግብጽን 2 ለ 0 ስንረታ ‹ሜዳችን› የማላዊ ሊሎንግዌ ነበረች፤ ቤት ሳይኖር ስለ በረኛ መጨነቅ ትርፍ ነው ብላችሁ እንደ ሆነ እንጃ።

እኛስ የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም፤ ያገር ልጅ በረኛ በሊጉ የሚሰለፍበትን የጨዋታ ቍጥር በደንብ ቍረጡለት፣ ለታዳጊዎቹም የበረኛ አሠልጣኝ መድቡ፣ ማንን ለምን እንደ መረጣችሁም ጽፋችሁ አውጡ። መልስ ያላችሁ እንደ ሆነ በደሴ በኩል ይሁን፤ ለመስከረም 21 ቀን በዓል ወደ አምባው የሚወጣ ምእመን ያደርስልናል።