ጆሮህን ለንፋስ የምትገብርበት መንገድ

ከጎንደር አጠገብ ካለችው ወለቃ ተነስተህ ደባርቅ ስትደርስ ጆሮህ እየጮኸ፣ አንገትህ ደርቆ፣ ክንድህ ዝሎ መውረድ ከፈለግህ፣ ወንድሜ ሞተረኛ፣ ብዙ አትደክምም። ሄልሜት ስትገዛ ከራስህ የሚሰፋውን ምረጥ። ማሰሪያውን አትቆልፈው፤ የፊቱንም መስታወት ገርበብ አድርገህ ተወው። ንፋስ ወደ ሄልሜት የሚገባው በአብዛኛው በአገጭና በአንገት በኩል ነው። እዚያ ክፍተት ካገኘ ሄልሜቱን እንደ ከበሮ ይደልቀዋል፤ ጆሮህ ደግሞ ያለው ከበሮው ውስጥ ነው።

ማርሚታውንም አስፈታው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ጉልበት የጨመረ ይመስልሃል። ነገር ግን በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ስትነዳ ሄልሜትህ ውስጥ የሚገነው የሞተሩ ሳይሆን የንፋሱ ድምፅ ነው። የማርሚታው ጩኸት የሚተርፈው ለወለቃ ሰው ነው። ቤተ እስራኤላውያን በሸክላ ሥራቸው ስሟን ያስጠሩላት ያች መንደር ያለችው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ሸክላ ዘርግተው መንገድ ዳር የሚውሉት ሴቶች ጆሮም ጆሮ ነው።

ቀጥሎ ጥጥ ወትፍ። ካልሆነም የስልክህን ማዳመጫ ሰክተህ ዘፈኑን ንፋሱን እስኪያሸንፍ ጨምረው። ደረቅ ጥጥ የሚቀንሰው ድምፅ ጥቂት ነው፤ ንፋሱን ያሸነፈ ዘፈን ደግሞ ከንፋሱ የከፋ ነው። ሰው ቢጠይቅህ «ለመድኩት» በል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህ መልመድ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሄልሜት ውስጥ ያለው ጫጫታ 100 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ኢንስቲትዩት ለ85 ዴሲቤል የሚመክረው ገደብ በቀን 8 ሰዓት ነው፤ ጫጫታው 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ያጥራል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደረስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከጎንደር ደባርቅ ግን 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ቀድመው የሚጎዱት ቀጫጭን ድምፆችን የሚለዩት ስለሆኑ፣ ሰው ሲያናግርህ ድምፁን ትሰማለህ፣ ያለውን ግን አትለይም። ጫጫታው የቀነሰ የመሰለህ ጆሮህ ስለደከመ ሊሆን ይችላል።

ጆሮህን ማትረፍ ከፈለግህ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ፈልግ። በጣትህ አሽተህ አቅጥነው፤ በሌላው እጅህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስበህ አስገባው፤ እስኪነፋ ድረስ በጣትህ ያዘው። በደንብ ከገባ 20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። የመኪና ጥሩንባ ከነመድፈኛው ይሰማሃል።

ንፋሱ ራስህንም እንዲያላጋው ከፈለግህስ? ከሞተርህ ፊት የንፋስ መከላከያ አስገጥምና የላይኛው ጫፉ የሚወረውረው ሽክርክሪት ንፋስ ልክ ሄልሜትህ ላይ እንዲያርፍ አድርገው። መከላከያው ዝቅ ቢል ንጹሕ ንፋስ ያገኝህ ነበር፤ በበቂ ከፍ ቢልም ንፋሱ ከራስህ በላይ ያልፍ ነበር። አናትህን ግራና ቀኝ የሚነቀንቀው መካከለኛው ነው።

ኮሶዬ አካባቢ መንገዱ ወደ ገደሉ ሲከፈት፣ ወይም የጭነት መኪና ከፊትህ መጥቶ ሲያልፍህ፣ መሪውን ጨምቀህ ክንድህን አግትር። ያኔ ንፋሱ ገላህን በገፋ ቁጥር መሪውም አብሮ ይዞራል። ሰርባቶዮውን በጉልበትህ ጥብቅ አድርጎ መያዝ፣ ክንድን ማላላትና ጎንበስ ማለት ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ያስኬደዋል። ፍጥነትህንም አትቀንስ፤ «ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው» በል። እርግጥ ነው፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደባርቅ አየሩ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የንፋስ ግፊት ግን የሚያድገው በፍጥነትህ ካሬ ልክ ነው፤ ከ60 ወደ 80 ብቻ ስትጨምር 80 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ከአየሩ መሳሳት ያተረፍከውን በአንድ ማርሽ ታጠፋዋለህ።

የመጨረሻው ምክር የጋቢው ነው። ብርድ ሲመጣ ጋቢ ደርብና ጫፉን ልቀቀው። ይርገብገብ፤ ወደ ኋላ ጎማና ወደ ሰንሰለቱ ይውረድ። ዳንሰኛዋ ኢሳዶራ ዳንከን በ1927 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ኒስ ከተማ ውስጥ የሞተችው የአንገቷ ሻርፕ በተሳፈረችበት መኪና ጎማ ተጠምጥሞ ነው። ከኋላህ የምታፈናጥጣት እናት ነጠላዋንም ልጇንም ይዛ ትቀመጣለች፤ የነጠላውን ጫፍ ሳታስገባ አታስነሳ።

እባክህ፣ ነገ ጠዋት ከወለቃ ከመነሳትህ በፊት የሄልሜትህን ማሰሪያ ቆልፍ፣ ጆሮህን ድፈን። ከወረድክ በኋላ ጆሮህ መጮሁን ካልተወ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂድና አስመርምር።