ብዙነሽ ስንት ናት?

የአማርኛ ሰዋስው ነጠላንና ብዙን ለመለየት ብዙ ደክሟል። «ቤት» ነጠላ ነው፣ «ቤቶች» ብዙ፤ እዚህ ላይ ጠብ የለም። ጠቡ የሚነሣው አንዲት ሴት ልጅ ተወልዳ፣ አባቷ ጥቂት አሰብ አድርጎ «ብዙነሽ» ያላት ቀን ነው። አንዲት ልጅ፣ በነጠላ ማሰሪያ አንቀጽ ታስራ፣ ብዙ ተባለች። ይህ ጥናት ጉዳዩን ከሥሩ ለመመርመር የተነሣ ሲሆን ጥያቄውም አንድ ብቻ ነው፦ ብዙነሽ ስንት ናት?

ስሙ ሲፈታ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «አንቺ» የምትባል ባለቤት ተደብቃበታለች፣ «ብዙ» መሙያው ነው፣ «ነሽ» ደግሞ ይዘጋዋል። ዓረፍተ ነገሩ የተነገረው ፊት ለፊት ለተቀመጠች ሴት ነው። ይሁንና ሴትየዋ በሌለችበት ስለ እሷ ሲወራ «ብዙነሽ አልመጣችም» ይባላል፤ ማለትም ሰውየው ለሌለች ሴት «ብዙ ነሽ» ብሎ ነግሯት፣ ወዲያው ዞር ብሎ ለጎረቤቱ ያማታል። በቁልምጫ «ብዙ» ስትባልማ ነገሩ ይብሳል። «ማን መጣ?» ብላ ከጓዳ የጮኸች እናት «ብዙ መጣች» የሚል መልስ ከሰማች፣ ረከቦቱ ላይ ስንት ሲኒ እንደምትደረድር የምታውቀው መጨረሻ ላይ ያለችውን «ች» በደንብ ከሰማች ነው።

ወላጅ ይህን ስም የሚያወጣበት ምክንያት ይለያያል። ልጆች ሞተውበት የተወለደችለት እንደሆነ ስሙ ካሣ ነው፤ አንድ ለእናቷ ከሆነች ደግሞ ለሰፈር ሰው የተሰጠ ቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ነው። ለወንዱም «ብዙነህ» አለለት። በሁለቱም ወገን «ብዙ» የሚለው ብያኔ የሚሰጠው ሕፃኑ አራት ኪሎ ሳይሞላ መሆኑን ጥናቱ ሳይታዘብ አላለፈም።

ስለ ብዙነሽ ከመነጋገር በፊት ዘመዶቿን ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። የ«ነሽ» ቤተሰብ ትልቋ ድንቅነሽ ናት፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። በ1974 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አፋር ውስጥ ሃዳር ላይ ስትገኝ፣ ተመራማሪዎቹ በድንኳናቸው ይሰሙት ከነበረ የቢትልሶች ዘፈን ወስደው «ሉሲ» አሏት። ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ቢሆንም የአገሯ ሰው «ድንቅ ነሽ» ለማለት ቀሪውን አልጠበቀም። በ2007 ወደ አሜሪካ ሄዳ እስከ 2013 ስትቆይ የታወቀችው ግን በፈረንጅ ስሟ ነበር። ውጭ አገር የወጣ ሰው ስሙ መለወጡ የትናንት ነገር አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 ኦስሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ14:11.15 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ስትይዝ «ጥሩ» የሚለው ቃል አነሳት። ወርቅነሽ ኪዳኔ ደግሞ በ2003 ሎዛን ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ወርቅ ወስዳ ስሟን አስከበረች፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ግን ፓሪስ ላይ በ10,000 ሜትር ብርሃኔ አደሬን ተከትላ ገባችና ብር ተሸለመች። ብር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችን ሴት «ወርቅ ነሽ» ብሎ መጥራት ማጽናኛ ነው ወይስ ሽሙጥ? ጥናቱ ይህን ለሌላ ተመራማሪ ትቶታል።

አሁን ወደ ብዙነሽ። ከሁሉ በፊት የምትነሣው ዘፋኟ ብዙነሽ በቀለ ናት። ያደገችበት የሙዚቃ ቤት ክብር ዘበኛ ነው። ይህ የጦር ክፍል በሁለት ነገር ይታወሳል፦ በ1960ው የታኅሣሥ ግርግርና በኦርኬስትራው። ከሁለቱ የተሳካለት ኦርኬስትራው ነው። ጥላሁን ገሠሠም ማሕሙድ አሕመድም የወጡት ከዚያው ነው፤ ከእነዚህ ሁለት ጉሮሮዎች አጠገብ ቆሞ መሰማት ደግሞ ለማንም የሚሞከር አልነበረም። ብዙነሽ ተሰማች። ከኋላዋ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ እንደ ሰልፍ ሲያስገመግም ድምፅዋ ከላዩ ይወጣ ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሰማ ሰው የስሙን ትርጉም ለአንድ አፍታ ያምናል። የሸክላው ዘመን ሲመጣ ግን ስሌቱ ጥብቅ ሆነ፤ በአንዲት ትንሽ ሸክላ የሚገባው በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን፣ ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ አንድ ነበር። ብዙነሽ በሁለት ተገደበች። አድማጮቿ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቀዳማዊት እመቤት ይሏት ነበር፤ «ብዙ» ተብላ ተወልዳ «ቀዳማዊት» ተብላ በ1990 ዐረፈች።

ይህ መዝገብ ገና ሳይዘጋ በ1983 ሌላ ብዙነሽ በቀለ ተወለደች። የአባት ስም ሳይቀር አንድ ነው፤ አቶ በቀለ የሚባል ሰው ሴት ልጁን ብዙነሽ ካላት የቀረው በራሱ ይመጣል። ይህቺኛዋ ሙያዋ ማራቶን ነው፤ የዱባይ ውጤቷንም ጥናቱ ደጋግሞ አይቶ ደጋግሞ ግራ ተጋብቷል። በ2008 በ2:23:09 ሮጣ ሁለተኛ ወጣች። በ2009 ወደ አንድ ደቂቃ ያህል ዘግይታ በ2:24:02 ገባችና አንደኛ ሆነች። በ2012 ደግሞ ከሁለቱም ፈጥና 2:20:30 ሮጠች፤ አራተኛ። በፈጠነች ቁጥር ደረጃዋ እየራቀ መሄዱ ለአሠልጣኝ ሌላ ነገር ይነግረው ይሆናል፤ ለሰዋስው ሰው የሚነግረው ቁጥርና ብዙነሽ አብረው እንዳላደጉ ነው። በ2011 ዴጉ ላይ በዓለም ሻምፒዮናም አራተኛ ነበረች፤ ከፊቷ የቀደሙት ሦስቱም ኬንያውያን ሲሆኑ፣ ብሩን የወሰደችው ጵርስካ ጄፕቱ ናት። «ጄፕቱ» የሚለውን ስም ያዙልኝ።

ሦስተኛዋ ብዙነሽ ዴባ ትባላለች፤ የአርሲ ልጅ ናት፤ መኖሪያዋን ኒው ዮርክ ብሮንክስ አድርጋ ነው የሮጠችው። እዚህ ላይ የፊደል ነገር ይነሣል። ላቲን ሳድስ የሚባል ድምፅ የሚጽፍበት ፊደል የለውም፤ «ብ» የሚለውን ለመጻፍ ጸሐፊው ካሉት አናባቢዎች አንዱን መበደር አለበት። ስለዚህ ዘፋኟ አብዛኛውን ጊዜ በ«አይ»፣ የዱባይዋ ሯጭ በ«ኢ»፣ የብሮንክስዋ በ«ዩ» ትጻፋለች። እናቶቻቸው በአንድ ቃል የጠሯቸው ሴቶች ጉምሩክ ሲደርሱ ሦስት የማይተዋወቁ ስሞች ሆኑ። በዚያ ላይ ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል፤ የጋዜጣው ርእስ ላይ የሚሮጡት በቀለና ዴባ ናቸው፣ ሁለቱም አባቶች፣ ሁለቱም እቤታቸው ቁጭ ያሉ።

የብዙነሽ ዴባ ዕጣ «ሁለተኛ» የሚል ነበር። በ2011 በኒው ዮርክ ማራቶን ፍሬሕይወት ዳዶ በ2:23:15 ስታሸንፍ እሷ በ2:23:19 ገባች፤ 42 ኪሎ ሜትር ተሮጦ ልዩነቱ አራት ሰከንድ፣ «ብዙ-ነሽ» ለማለት እንኳ የማይተርፍ። በ2013 እዚያው ከተማ ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድማ ስትመራ ቆይታ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ጵርስካ ጄፕቱ ደረሰችባት። ሁለተኛ። በ2014 ቦስተን ላይ ደግሞ ሪታ ጄፕቱ ቀደመቻት፤ ሁለተኛ። ሁለቱ ጄፕቱዎች ሁለት የተለያዩ ሴቶች ናቸው፤ የስም መጋራት ጉዳት በባለ ስሞቹ ብቻ የሚቆም አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ቦስተን ላይ የሮጠችበት ሰዓት 2:19:59 ነው። ሪታ ጄፕቱ በዚያው ዓመት በአበረታች መድኃኒት ተያዘች፤ ክርክሩ ተጓቶ በ2016 መጨረሻ የቦስተን ውጤቷ ተሰረዘ። ብዙነሽ ዴባ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ አንድም እርምጃ ሳትጨምር፣ አንደኛ ሆነች። 2:19:59ም የውድድሩ የሴቶች ክብረ ወሰን ተብሎ እስከ 2025 ቆየ። ሪባን የለም፣ የአበባ ጉንጉን የለም፤ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ተነቃንቆ አንድ መስመር ወደ ላይ ወጣ። ገንዘቡ አብሮ አልወጣም። የአንደኛና የሁለተኛ ልዩነት 75,000 ዶላር ነበር፣ የክብረ ወሰኑ ደግሞ 25,000፤ ከውድድሩ 10 ዓመት በኋላ፣ በ2024ም፣ ገና አልተከፈላትም ነበር። ታሪኩን በጋዜጣ ያነበበ አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ 75,000ውን ከኪሱ ሰጣት። «ብዙ ነሽ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቼክ የጻፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የቀረው የአክብሮት ጉዳይ ነው፤ ጥናቱ መፍትሔ ያገኘውም እዚህ ነው። ብዙነሽ በወጣትነቷ «መጣች፣ ሄደች፣ በላች» ትባላለች፤ ስሙ ብዙ፣ ግሡ ነጠላ። ዕድሜዋ ሲገፋ ግን ሰፈሩ ቀስ በቀስ አንቱ ይላታል፣ ግሡም ይለወጣል፦ «እማማ ብዙነሽ መጡ»፣ «እማማ ብዙነሽ ቡና አፈሉ»። አማርኛ ለከበረ ሰውና ለብዙ ሰው የሚጠቀመው አንድ ግሥ ነው። ስለዚህ በስሙና በግሡ መካከል ያለው የዕድሜ ልክ ጠብ የሚበርደው ፀጉር ሲሸብት ነው።

በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ፊት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል። የካርድ ክፍሏ ልጅ በመስኮቷ ብቅ ብላ «ብዙነሽ!» ትላለች። ሁለት ሴቶች ይነሣሉ፤ አንዷ ሕፃን አዝላለች፣ ሌላዋ የተማሪ ቦርሳ ይዛለች። «ብዙነሽ በቀለ!» ትላለች ልጅቷ። ሁለቱም አይቀመጡም። «የአያት ስም?» ሊባል ሲል፣ ከግድግዳው ጥግ ነጠላቸውን የተከናነቡ አሮጊት በምርኩዛቸው ተደግፈው ይነሣሉ።

«እማማ፣ እርስዎም ብዙነሽ ነዎት?»

«ነኝ ልጄ። የያዝኩት ግን አንድ ወረፋ ነው።»