መሃል ሰፋሪ ቁጥሮች

በኮምፒውተር በተጻፈ ሪፖርት ላይ ከሚፈጸሙት በደሎች የከፋው የቱ ነው ቢባል የፊደል ግድፈት ነው አልልም። ግድፈትን አንባቢ በልቡ አርሞ ያልፈዋል። እኔ የምከሰው ዎርድ ላይ ሠንጠረዡን ሠርቶ ሲያበቃ ከዳር እስከ ዳር መርጦ፣ ጽሑፍ የለ ቁጥር የለ፣ ሁሉንም በአንድ ጠቅታ መሃል የሚያሰፍረውን ሰው ነው። የዕድር ዓመታዊ ሪፖርት ይምጣና እንየው። ተ.ቁ አለ፤ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋ ይከተላሉ፤ መጨረሻ ላይ ማንም ምንም የማይጽፍባት "ምርመራ" እንደ እመቤት ሰፊውን ቦታ ይዛ ተንጣላለች። ድንኳኑም፣ ብረት ድስቱም፣ ብሩም፣ ሳንቲሙም መሃል ለመሃል ቆመዋል። ከሩቅ ሲያዩት የሠርግ መጥሪያ ይመስላል።

ሰው መሃል ሲሰፍር ቢያንስ ከሁለቱም ወገን ይጎርሳል፤ ቁጥር ግን መሃል ሲሰፍር ቤቱን ያጣል። የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት እየተባለ በልጅነት የተማርነውን ቤት ማለቴ ነው። 5 በአንድ ቤት አምስት ናት፤ አንድ ቤት ወደ ግራ ስትዛወር ሃምሳ ትሆናለች። ደማሪ ዓይን ወደ ታች ሲወርድ አንዱ ከአንድ፣ አሥሩ ከአሥር ሥር እንዲጠብቀው ይሻል፤ ይህም የሚሆነው ቁጥሮቹ ወደ ቀኝ ሲጠጉ ነው። ፎንት ለሚነድፉ ሰዎች ይህ ከእኛ ቀድሞ ገብቷቸዋል። በተለመዱት ፎንቶች ቀጭኗ 1 ከወፍራሙ 8 እኩል ስፋት ያለው መቀመጫ ተሰጥቷታል፤ ለክብሯ ብለው አይደለም፣ ከላይና ከታች ያሉት ጎረቤቶቿ ከሰልፍ እንዳይወጡ ነው። እነሱ እንዲህ ተጠበው ሲያበቁ እኛ 9,750ን ከ48,500 ሥር መሃል ላይ እናቆመዋለን፤ 9 በ4 እና በ8 መካከል አንገቱን ያስገባና የአሥር ሺህ ይሁን የሺህ ቤተኛ ሳይታወቅ ይቀራል።

ወደ ቀኝ ማስጠጋት ብቻውንም አያድንም። 985.50 እና 48,500 አምስት አምስት አኃዝና አንድ አንድ ምልክት ስላላቸው ርዝመታቸው እኩል ነው፤ ሺህ ያልሞላው ሃምሳ ሺህ ሊሞላ ጥቂት ከቀረው ጋር መንትያ መስሎ ይቆማል፤ የሚለያቸው ነጥቧ ጭራ ማውጣቷና አለማውጣቷ ነው። ስለዚህ አንዱ ሳንቲም ካለው ሌላውም ባይኖረው እንኳ 48,500.00 ተብሎ ይጻፍለት። ዎርድ ደግሞ ነጥብን ከነጥብ ሥር የሚያሰልፍ ታብ አለው፤ ዓምዱን መርጠው ማስመሪያው ላይ አንዴ ከተከሉት ቁጥሮቹ የታብ ቁልፍ ሳይነካ ራሳቸው ይሰለፋሉ። ይህ እያለ ስፔስ እየደበደቡ ቁጥር የሚገፉ አሉ። ልማዱ የታይፕራይተር ውርስ ሳይሆን አይቀርም፤ እዚያ እያንዳንዱ ምት እኩል ስለሚራመድ ስፔስ መቁጠር ያዋጣ ነበር። ዛሬ ግን ስፔስ ጠባብ ነው፣ ጨ ሰፊ ነው፣ ነ ቀጭን ነው፤ ፎንቱ የተቀየረ ቀን ሰልፉ እንደ ገበያ ይበተናል።

"መሃል ሲሆን ያምራል፤ ቀኝ ሲሆን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያስጠላል" የሚል ሙግት አለ። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ዓምዱን ማጥበብ ወይም ቁጥሩን ከመስመሩ በእኩል ርቀት ገባ ማድረግ ነው፤ ግድግዳው ቀዘቀዘኝ ብሎ መሃል ሜዳ መተኛት አይደለም። ሌላው ደግሞ "ሒሳቡ ኤክሴል ላይ አልቋል፤ ዎርድ ለማሳየት ብቻ ነው" ይላል። ለማሳየት ከሆነማ ጉዳዩ የዓይን ነው ማለት ነው፤ ታዲያ ዓይንን ያስቸገረ ማሳያ ምን አሳየ? ደግሞም ዎርድ ራሱ ይደምራል፤ አደማመሩ ግን እንደ የዋህ ልጅ ነው። ከላይ ያለውን ደምር ሲሉት፣ የዓምዱ ርዕስ ላይ 2016 ተብሎ ዓመቱ ከተጻፈ ዓመቱንም ከብሩ ጋር ሊደምረው ይችላል። ያን ጊዜ ዕድሩ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ብር ያገኛል። በኋላ ከላይ አንዱን ቁጥር ቢያርሙ ደግሞ እንዲያድስ እስኪታዘዝ ድረስ የድሮውን ድምር ታቅፎ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚይዘው በትክክል የተሰለፈውን ዓምድ በጣቱ እየተከተለ የሚወርድ ሽማግሌ ብቻ ነው።

ሊረታኝ የሚችል አንድ ተሟጋች አለ፤ እሱም የግዕዝ ቁጥር ወዳድ ነው። ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ መቶን ፻፣ አሥር ሺህን ፼ ብሎ መጠኑን በራሱ ምልክት ይሸከማል። ስለዚህ ፼ ብቻዋን ቆማ ፺፱፻፺፱ን፣ አምስት ምልክት የተሸከመውን 9,999ን፣ በአንድ ትበልጠዋለች። ርዝመት ስለ መጠን የማይመሰክርበት ቁጥር ወደ ቀኝ ቢጠጋ ለደማሪው ምን ይፈይድለታል? መሃል የማድረግ አምሮት ለማይለቀው ሰው እንግዲህ መንገዱ ክፍት ነው፤ 48,500ን ፬፼፹፭፻ ብሎ ይጻፍና ያማክለው፤ ኦዲተሩንም ራሱ ያስረዳ። በተለመደው አኃዝ የሚጽፍ ግን መሃሏን ለአንድ ዓምድ ብቻ ይተዋት፤ ለ"ምርመራ"። እሷ መሃልም ሰፈረች ዳር፣ የሚጻፍባት የለም።