ባዶ የተባለው ጆንያ

ዱቄት በሚያቀላቅል ፋብሪካ ውስጥ የሰውን ጠባይ መታዘብ የሚፈልግ ሰው የሞላው ጆንያ ሲገባ አይቸኩል፤ ባዶው እስኪወጣ ይጠብቅ። የሞላው ሲገባ ሁሉም ጨዋ ነው። ፎርክሊፍቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ረዳቱ “ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ!” እያለ በእጁ ይመራል፤ የንብረት ክፍል ሠራተኛው ቁጥሩን ይመዘግባል። ግማሽ ቶን ወይም አንድ ቶን የያዘው፣ ጃምቦ የሚባለው ጆንያ በአራቱ ማንጠልጠያዎቹ ተሰቅሎ ከማራገፊያው አናት ላይ እስኪደላደል ድረስ ከሥሩ ዝር የሚል የለም። ጥቂት ቆይቶ ዱቄቱ ፈስሶ ያልቃል። ጨዋነቱም አብሮ ያልቃል።

ባዶ ይባላል እንጂ ባዶ አይደለም። ከውጭ የምናየው የተሸመነው ከረጢት ነው፤ ከውስጡ ዱቄቱን ከእርጥበት የሚጠብቅ ስስ ላስቲክ አለ። ዱቄቱ ሲፈስ ከበድ ያለው ቅንጣት በክብደቱ ይወርዳል፤ ደቃቁ በላስቲኩ እጥፋትና ጥግ ተለጥፎ ይቀራል። ሠራተኛው ጎትቶ የሚያወጣው ላስቲክ እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ዱቄት ውስጥ ለሳንባ የሚስማማውን መርጦ ያስቀረ ነው። እኛ ዘንድ ግን ፈሰሰ ከተባለ አለቀ ነው። ጓንት የሚወልቀው፣ የአቧራ መሳቢያው የሚጠፋው፣ ማስኩ ወደ አገጭ የሚወርደው በዚህችው ደቂቃ ነው።

ከዚያ የማራገፉ ሥነ ሥርዓት ይጀመራል። ሁለት ሰዎች ላስቲኩን ግራና ቀኝ ይይዛሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት! ክፍሉ ነጭ ይሆናል። ፎርማኑ አቧራው የማይደርስበት በር ላይ ቆሞ፣ “ጥግ ጥጉን! ገና አለው እኮ፣ ጥግ ጥጉን አራግፉት!” ይላል። “እሺ ጋሼ!” ይላል አንደኛው፤ ያስነጥሳል፤ ይደግማል። በዶላር የመጣ ዕቃ ነውና አንድ ጭብጥ አይጣልም። ጭብጡ ግን የት ገባ? ጥቂቱ ዱቄቱን በሚቀበለው ሆፐር ውስጥ፣ ሌላው ወለሉ ላይ፣ የቀረው የሁለቱ ሰዎች ቅንድብ ላይ። ወለሉ ላይ የወደቀው ተጠርጎ ቆሻሻ ይሆናል፤ ቅንድብ ላይ ያረፈው በሰርቪስ ተሳፍሮ ቤት ይገባል። ለቁጠባ የተራገፈው ጭብጥ ዱቄት በመጨረሻ ውኃውን፣ ሳሙናውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ጉልበት በልቶ ያድራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን ማፍሰሱም መልቀሙም የሥራ መዘርዝር ውስጥ የገቡ ይመስላል።

“አሁን ረግቷል፣ ግቡ” የሚባል ነገርም አለ። የሚታየው አቧራ በእርግጥ ይረጋል። የማይታየው ግን የራሱ ፕሮግራም አለው። 10 ማይክሮን የምታህል፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ መቶኛ የሆነች ቅንጣት፣ በተረጋ አየር ውስጥ ከአፍንጫ ከፍታ ተነሥታ ወለል ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። 1 ማይክሮን የምታህለዋ ደግሞ ግማሽ ቀን ገደማ። ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የምትዘልቀው ይህችው ደቃቋ ናት። ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ የተረጋ አየር የሚባል ነገር የለም፤ ፎርክሊፍቱ ባለፈ ቁጥር የተኛው ሁሉ ይነሣል። የጠዋቱ ሺፍት ያራገፈውን የከሰዓቱ ሺፍት ይተነፍሰዋል ማለት ነው። በርክክብ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ከሺፍት ሺፍት በታማኝነት የሚተላለፍ ብቸኛው ንብረት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

መጥረጊያ የሰለቸው ደግሞ ኮምፕሬሰር አለለት። “ወንድሜ፣ እስቲ ጀርባዬን ንፋልኝ።” ይነፋለታል፤ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። አቧራው ከአንዱ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ሌላው አፍንጫ ይሄዳል፤ ከዚያም ውለታው ይመለሳል። በንጽሕና ስም የሚደረግ እንዲህ ያለ የወንድማማችነት ልውውጥ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ሥራ ሲያልቅ ወተት ይመጣል። በአገራችን በብዙ ፋብሪካና ጋራዥ፣ በተለይ ቀለም በሚረጭበትና አቧራ በሚበዛበት፣ ወተት የዋጡትን አቧራ “ያጥባል” ተብሎ ይታመናል። ወተትን የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም። ችግሩ የመንገድ ነው። ወተት በጉሮሮ ወርዶ ጨጓራ ይገባል፤ አቧራ በአየር ቧንቧ ወርዶ ሳንባ ይገባል። ሁለቱ መንገዶች ጉሮሮ ላይ ከተለያዩ በኋላ እንደገና አይገናኙም፤ ላገናኛቸው ያለ ሰው ትን ይለዋል። የሆነ ሆኖ የወተቱ በጀት በየዓመቱ ሳያከራክር ይጸድቃል። የአቧራ መሳቢያው ማጣሪያ መቀየሪያ ግን “በሚቀጥለው ዓመት ይታያል”።

ስለ ማስኩ ደግሞ እናውራ። በኮሮና ጊዜ አገጫችንን ከቫይረስ በሚገባ የተከላከልን ሕዝብ ነንና ልምዱ አለን። ኤን 95 የሚባለው ማስክ ከደቃቅ ቅንጣቶች ቢያንስ 95 ከመቶውን ያስቀራል፤ ይህ የሚሆነው ግን ፊት ላይ ዙሪያውን ከገጠመ ነው። ጢም ላይ አይገጥምም፤ አገጭ ላይ ደግሞ የሚያጣራው ነገር የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ እንዲያቀርብና እንዲያሠለጥን፣ ሠራተኛውም የተሰጠውን እንዲጠቀምበት ያዛል። አንዱን ኃላፊ ብትጠይቁት ፋይል ከፍቶ ያሳያችኋል፦ “ይኸው፣ ፈርመው ወስደዋል።” እውነቱን ነው። ፊርማው ፋይሉ ውስጥ፣ ማስኩ ሎከሩ ውስጥ፣ አቧራው ሳንባው ውስጥ አለ። ሁሉም ነገር በየቦታው ነው።

ይህ አዲስ ግኝት ቢሆን ኖሮ ባልፈረድን። ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ ዱቄት የሚፈጩና ዳቦ የሚጋግሩ ሰዎች ከዱቄቱ ብናኝ የተነሣ በሳልና በትንፋሽ ማጠር እንደሚሠቃዩ የጻፈው በ1700 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ ቀዳማዊ ኢያሱ ነግሠው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ተቀየረ፤ የዱቄት አራጋፊው አነጣጠስ ግን ያው ነው።

ሳልን የናቀ ሰው እሳትን ይፈራ ይሆናል። በታኅሣሥ 1785 እ.ኤ.አ. ቱሪን ከተማ በሚገኝ የዳቦ ጋጋሪ መጋዘን ውስጥ አንድ ልጅ በፋኖስ ብርሃን ዱቄት ሲያፍስ፣ የተነሣው ብናኝ ተቀጣጥሎ ፈነዳ። በየካቲት 7 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ፖርት ዌንትዎርዝ በሚገኘው የኢምፔሪያል ሹገር ፋብሪካ በተከታታይ ፍንዳታ 14 ሰዎች ሞቱ። የመጀመሪያው ፍንዳታ የደረሰው በአንድ የታሸገ ማጓጓዣ ውስጥ ነበር፤ ሕንፃው የጋየው ግን በየወለሉና በየምሰሶው ላይ ተኝቶ የነበረው የስኳር አቧራ ተነሥቶ ነው። ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ስኳር ነው እንግዲህ። ስኳር፣ የዳቦ ዱቄት፣ ስታርች፣ የወተት ዱቄት፣ ሁሉም በአየር ላይ ሲበተኑ ከነዳጅ ይቆጠራሉ። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ባለሙያዎች ለብዙ ጊዜ እንደ ማስጠንቀቂያ የያዙት የአቧራ ውፍረት 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአንዳንድ ፋብሪካ ምሰሶ ላይ ግን ስም በጣት ይጻፋል፤ “ፍቅር ያሸንፋል” ተብሎም ተነቧል።

ላስቲኩ እዚህ ላይ ሌላ ሥራ አለው። ደረቅ ላስቲክ ከከረጢቱ ውስጥ በኃይል ሲመዘዝ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ በብርድ ማለዳ የናይለን ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣው ዓይነት ነው። ለዚህም ነው ጃምቦዎች እንደ ባሕርያቸው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተብለው የሚለዩት፤ ሲ የሚባለው እየተራገፈ ሳለ በሽቦ ከመሬት ጋር ካልተያያዘ ዋጋ የለውም። ሽቦውም መቆንጠጫውም ማሽኑ ላይ አለ። መቆንጠጫው ላይ ጃኬት ተሰቅሎበታል።

ስለ ማሽኑ ካነሣን አይቀር፣ ደህና ማራገፊያ ከጎኑ የባዶ ጆንያ መጭመቂያ ይኖረዋል። ሠራተኛው ባዶውን ወደ ክፍሉ ሳያወጣ በጎን ባለው ቀዳዳ ይገፋዋል፤ መጭመቂያው እዚያው ጠቅጥቆ ወደ ተዘጋጀ ከረጢት ያስገባዋል፤ አቧራው ከሽፋኑ ውጭ አይወጣም። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የመጣው ይህ መጭመቂያ በአንዳንድ ቦታ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ያገለግላል። “ለምን አትጠቀሙበትም?” ሲባል “ጊዜ ይወስዳል” ነው መልሱ። ባዶው በእግር ይረገጣል፤ በተረገጠ ቁጥር በአፉ የቀረውን ሁሉ ይተፋል። እንግዶች የሚመጡ ቀን ግን ብርጭቆዎቹ ይነሣሉ፣ መጭመቂያው ይወለወላል፣ ማስክ ከአገጭ ወደ አፍንጫ ያድጋል። ጎብኚው “በጣም ደስ ይላል” ብሎ ይፈርማል። የመኪናው ድምፅ ከበር ሳይርቅ ብርጭቆዎቹ ተመልሰዋል።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው “ቆይ አንዴ በእጄ ላውጣው” የሚለው ጀግና ነው። ላስቲኩ በደንብ ካልተያዘ ከዱቄቱ ጋር ወደ ሆፐሩ ተስቦ ይወርድና ከታች የሚሽከረከረው ብረት ላይ ይጠመጠማል። ደንቡ ማሽኑን ማቆም፣ ኃይሉን ማጥፋት፣ ማብሪያውን ቆልፎ ቁልፉን ኪስ መክተት ነው። ጀግናው ግን ሰዓት ይቆጥባል። ያቺን የላስቲክ ጫፍ ለማግኘት ብሎ ጣት የሚከፍል ሰው ዋጋ ጠይቆ ያውቃል ብዬ አላምንም። ላስቲኩን በቢላ ዘርጥጦ የሚቀድድም አለ፤ ቁራጩ ብስኩት ውስጥ ገብቶ የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው።

እና እንዴት ይውጣ? ምንም ምሥጢር የለውም፤ አሰልቺ መሆኑ ነው ጥፋቱ። ዱቄቱ እስኪያልቅ ማሽኑ ራሱ ያነቃንቀው፤ ክንድ አይነቅንቀው። የአቧራ መሳቢያው ባዶው ታስሮ እስኪነሣ ድረስ አይጥፋ፤ ብዙዎቹ ማሽኖች በዚያው የመሳብ ኃይል ላስቲኩ ውስጥ ያለውን አየር መጥጠው ያኮማትሩታል፤ በደረት ማቀፍ አያስፈልግም፤ የታቀፈ ላስቲክ ትንፋሹን ፊት ላይ ነው የሚለቀው። ላስቲኩን ከማሽኑ ጋር የያዘው መቆንጠጫ ከመፈታቱ በፊት የላስቲኩ አንገት ይጠምዘዝና ይታሰር። መድኃኒት ወይም ኃይለኛ ኬሚካል ከሆነ የተጠመዘዘው አንገት ሁለት ቦታ ይታሰራል፣ መካከሉ ይቆረጣል፤ ያኔ የላዩም የታቹም እንደ ታሸገ ይቀራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ማሰሪያው በጥድፊያ አይሁን። ከዚያ የቆሸሸው ፊት ወደ ውስጥ ይታጠፍ፣ አጠገቡ አፉን ከፍቶ በሚጠብቅ ከረጢት ይግባ። ወለሉ በተገቢው መምጠጫ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይጽዳ። ማስክ ከሁሉም በኋላ ይውለቅ።

ለዚህ ሁሉ ቅደም ተከተል “ጊዜ የለንም” የሚሉን ሰዎች ባዶውን ወደ በር ወስደው ለመሸጥ ጊዜ አያጡም። ቆራሌው ውጭ ቆሟል። የዛሬ የቀለም ፋብሪካ ላስቲክ ነገ በርበሬ ይሰጣበታል፣ እህል ይቋጠርበታል፣ የፍራሽ ልባስ ይሆናል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነው፤ በርበሬዋን የምታሰጣው እናት ሥዕሉን ዐይታ “የሚያምር ማኅተም አለው” ትላለች። የምግብ ዱቄት የነበረበትና የኬሚካል የነበረበት በር ላይ አይለያዩም፤ ሁለቱም ባዶ ናቸዋ!

እኔ ለሥራ አስኪያጆች አንድ ርካሽ የምርመራ ዘዴ አለኝ። አማካሪ መቅጠርም ሥልጠና ማዘጋጀትም አያሻም። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ጥቁር ሱፉን እንደ ለበሰ፣ ከረባቱን እንዳሰረ ይውረድና ሠራተኞቹ በሚያወጡበት መንገድ አንድ ባዶ ላስቲክ አውጥቶ ያሳየን። ሱፉ ጥቁር ሆኖ ከተመለሰ አሠራሩ ደህና ነው፤ እጅ እንነሣለን። ነጭ ሆኖ ከተመለሰ ግን፣ በሚቀጥለው ዓመት ይታያል የተባለው ማጣሪያ በዚያው ሳምንት እንደሚገዛ እወራረዳለሁ።