የሳሎን አበባ ያለ ሰው ስለምትጠጣበት ሁኔታ፦ የመስክ ጥናት

የጥናቱ ትኩረት ባለቤቶቿ ለፋሲካ አገር ቤት ሲሄዱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚዘጋባት የሳሎን አበባ ናት። እስከ ዛሬ የተሠራበት ሥርዓት ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶ «እትዬ፣ አበባዋን አደራ» ማለት ነው። መብራት አይፈልግም፣ መለዋወጫ አይጠይቅም። ጉድለቱ ዓይን ያለው መሆኑ ነው፤ ሶፋው መቀየሩን ሰፈሩ በማግስቱ ይሰማል። ስለዚህ ቴክኖሎጂ አስፈለገ።

አንደኛው ዘዴ ክር ነው። የጥጥ ክር አንዱ ጫፍ ጎኗ በተቀመጠ የውሃ ዕቃ ይነከራል፣ ሌላው አፈሯ ውስጥ ይቀበራል፤ ጋዝ በፋኖስ ክር እንደሚወጣ ውሃውም እየተሳበ ይሄዳል። አጥኚው ነቀፌታ አላገኘበትም። የሚያወራለት ሰው የጠፋውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ከፋርማሲ የሚገዛው የግሉኮስ ገመድ ነው። በተለመደው ዓይነት 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን፣ በደቂቃ 10 ጠብታ የተስተካከለ ባለአንድ ሊትር ሃይላንድ 33 ሰዓት ያህል ይዘልቃል። ስቅለት ማታ የተሰቀለው እሑድ ጠዋት አለቀ ማለት ነው፤ ሰው ሲፈስክ አበባዋ ጾም ትይዛለች። ለሙከራ በተሰቀለበት ቀን የመጣ እንግዳም «እግዜር ይማርሽ» ብሏት ነው የተቀመጠው።

ሦስተኛው የተማረ ሰው ዘዴ ነው፦ አርዱዊኖ የሚባል ሰሌዳ፣ አፈር ላይ የሚሰካ ባለሁለት እግር ሴንሰር፣ ባልዲ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ። እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ደረቅ አፈር ያስቸግራል፤ ሴንሰሩ ይህን ለክቶ ፓምፑ እንዲነሳ ያደርጋል። ዳሩ ግን ያው ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ የሴንሰሩን እግር ይበላዋል። እግሩ የተበላ ሴንሰር ጭቃ ውስጥ ቆሞም «ደርቋል» ነው የሚለው፤ ፓምፑም አይከራከርም። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቢቆም እንኳ የጎማው ጫፍ ባልዲው ውስጥ ካለው ውሃ ዝቅ ካለ፣ ውሃው አንዴ መንገድ ለምዷልና መፍሰሱን አይተውም። የሙከራውን ውጤት ቀድመው የሚያነቡት የታች ፎቅ ነዋሪዎች ናቸው፤ ኮርኒሳቸው ላይ።

ውሃ የበዛባት አበባ ሥሯ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሏ ልክ እንደተጠማች ይጠወልጋል፤ ያያት ሁሉ «ውሃ ጠምቷት ነው» እያለ በጣሳ ይጨምርላታል። ሰውና ሴንሰር የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።