የገደሉ መንገደኞች

ይህን ተረት የሰማሁት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ጠዋት ነበር። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ትርፍ ይጭናል፤ ተሳፋሪው ጉልበቱን ሰብስቦ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ገቡና «እንዴት አደራችሁ?» አሉ። የመለሰላቸው የለም። እኔም ዝም አልኩ፤ የዚያ ዝምታ እፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም።

እሳቸው አልተቀየሙም። አጠገባቸው ደብተር ታቅፋ የተቀመጠችውን ልጅ አዩና «ተረት ተረት» አሏት።

«የላም በረት» አለች ልጅቱ፣ ፈገግ ብላ።

በስሜን ተራራ፣ ሳንቃ በር ከሚባለው ገደል፣ ብዙ ጭላዳዎች ይኖሩ ነበር። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ነብር እንዳይደርስበት ከአለቱ እርከን ተጣብቆ፣ ልጁን ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ። ሲነጋ በቀጭኗ መንገድ ተከታትሎ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ሲመሽ በዚያችው ይወርዳል። መንገዲቱ አንዲት ናት። አለቃውም፣ አራሷም፣ አንካሳውም በእሷ ነው የሚተላለፉት።

ላይ ሲደርሱ ታዲያ ቶሎ ብለው ሣር አይነጩም። ፀሐይ ፊት ይቀመጣሉ። አንዱ የሌላውን ጠጉር በጣቶቹ ይከፍልና ገለባውን፣ ቅማሉን፣ የደረቀውን ጭቃ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ እየለቀመም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያጉተመትማል። «እንዴት አደርክ? የልጅሽ ሳል ተወው? ትናንት ማታ ድንጋይ የተናደው በእናንተ በኩል ነው?» ነው የሚባባሉት።

እመት ቀበሮም ትመጣለች፤ ቀይዋ ቀበሮ። በመንጋው መሃል ቀስ ብላ ትራመዳለች። አትሮጥም፣ ግልገል አትነካም፤ የእሷ ጉዳይ ከአይጥ ጋር ነው። ጭላዳዎቹም አካሄዷን ስለሚያውቁ ቀና ብለው እንኳ አያዩአትም። (ይህ ተረት ብቻ አይደለም። መንዝ ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ቆጥረው በ2015 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል፤ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መሃል ሆና አይጥ ስታድን ከመቶው 67 ያህሉ ይሳካላታል፣ ብቻዋን ስትሆን ግን 25 ያህሉ።)

አንድ ቀን አያ ቁራ ከአዲስ አበባ ተመለሰ፤ ያ ማጅራቱ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረ የሚመስለው ቁራ።

«ባቡሩን አየሁት» አለ። «በ2008 ዓ.ም. የጀመረውን፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰውን። አንድ ረጅም ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት መቶ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቆማል። ግን ማንም ማንንም አያውቅም! ብረቱን ይጨብጣል፣ ጆሮውን ይደፍናል፣ ስታዲየም ሲደርስ ይወርዳል። እንዴት አደርክ፣ እንዴት ዋልክ ብሎ ነገር የለም። ሥልጣኔ ይሏል ይህ ነው።»

ቁራ ይህን ያየው ከሽቦ ላይ ሆኖ ነው። ለነፍሰ ጡር ቦታዋን የለቀቀችውን ልጅ፣ የአንዱን ሽማግሌ ዘንቢል ተቀብሎ ያወረደውን ጎልማሳ ከሽቦ ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ወሬው ግን አያ ጎፈሬን ደስ አሰኘው። አያ ጎፈሬ የመንጋው አለቃ ነው።

«እኛ እኮ ግማሹን ጠዋት በመለቃቀም እንጨርሰዋለን» አለ። «ከነገ ጀምሮ ሁሉም ዓይኑን ከፊቱ ካለው ጀርባ ላይ አድርጎ ይውጣ፤ ላይ እንደ ደረሰ ሣሩን ይንጭ።»

እንደተባለው ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት ሆዳቸው ሞላ፤ ሐሰት አልናገርም፣ በእርግጥ ሞላ። ከዚያ ጠጉራቸው መጠቅለል ጀመረ። አንዲት አራስ ሦስት ቀን ከእርከኗ ሳትወጣ ቀረች፤ የት ገባች ያለ አልነበረም። አንድ ጠዋት ደግሞ አንድ ግልገል በሣሩ መሃል ቀይ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቶ ጮኸ። መንጋው ተተራምሶ ወደ ገደሉ ሮጠ። እመት ቀበሮ አንድ እግሯን እንዳነሳች ሜዳው ላይ ብቻዋን ቀረች። ወዲያና ወዲህ አየች፤ የሚያባርራቸውን ፍለጋ። እሷ መሆኗን ስታውቅ ጅራቷን ይዛ ሄደች።

ነብር የመጣው በምሽቱ መውረጃ ሰዓት ነው። ከመንገዲቱ አፍ፣ ከአስታው ሥር አድፍጦ ነበር። ከኋላ የነበረው ጎረምሳ አየው። አየው ግን አልጮኸም። ከፊቱ የሚሄደው ጀርባ የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ማንን ብሎ ይጣራ? ደግሞስ ያን ጠዋት በከንቱ ሸሽተው አልነበር? ነብር አንድ ግልገል ነጠቀ።

እርከኑ ላይ ሲሰበሰቡ «የማን ልጅ ነው?» ተባለ። አንዱ ሌላውን አየ። ሌሊቱ እስኪጋመስ «የማን ነው? የማን ነው?» ሲሉ አመሹ፤ የሚያውቅ ጠፋ። እናቱ ያቺ ሦስት ቀን የጠፋችው አራስ ነበረች።

በማግስቱ አሮጊቷ እመት ጭላዳ ከሁሉም ቀድማ ወጣች። ውርጩ ገና አልለቀቀም፤ ጅብራው ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። መንገዲቱ እጅግ ከምትጠብበት ቦታ ሄዳ ተቀመጠች። እሷን ሳይነካ የሚያልፍ የለም። መጀመሪያ የመጣው አያ ጎፈሬ ነው።

«ልለፍ» አላት።

እሷ እጇን ሰደደችና ከተጠቀለለው ጎፈሬው ውስጥ አንድ ጭጎጎት መንቀል ጀመረች። ሥር ሰዶ ነበር፤ ቆዳውን ይዞ ነው የመጣው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እንዴት አደርክ?» አለችው።

ከኋላው መንጋው ሁሉ ገደሉን ይዞ ተሰልፏል። አንድም የገፋ የለም። አያ ጎፈሬ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ከጎኗ ተቀመጠና «ክፉኛ አደርኩ» አላት። ቀጥሎ የመጣውም ተቀመጠ። ያቺ እናት ስትደርስ ሁሉም ጠጋ ጠጋ ብለው ከመሃል አስቀመጧት፤ እጅም በዛላት።

ፒያሳ ደርሰን ነበር። እናቲቱ «ወራጅ አለ» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ልጅቱ እጃቸውን ያዘች።

«ቀበሮዋስ ተመለሰች፣ እማማ?»

«እሷማ ቆየች፣ ልጄ። አንዴ ጮኸውባታላ። ክረምቱ አልፎ፣ አደይ አብቦ ነው የመጣችው፤ ያውም በሩቁ።»

በሩ ሲከፈት «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አልኳቸው ከኋላ ወንበር። ዞር ብለው አዩኝና «ደህና፣ የኔ ልጅ» ብለው ወረዱ።

ከደባርቅ ተነስቶ በማለዳ ሳንቃ በር የደረሰ ሰው ዛሬም ያያቸዋል። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ይወጣሉ፤ ፀሐይ ፊት ይቀመጣሉ፤ ሣሩን የሚነኩት ተለቃቅመው ሲያበቁ ነው።