ደግሞ ምረጥ አሉኝ!

እናንተ የዘመን ጓደኞቼ፣ ይኸን ስሙልኝማ። ድሮ ነገር ሲበላሽ መላው አንድ ነበር። ራዲዮ አልናገር ካለ ሁለቴ በጥፊ ታጮለዋለህ፤ እንቢ ካለ ድንጋዩን አውጥተህ ፀሐይ ታሰጣለህ፤ በቃ፣ ይለፈልፋል። ምረጥ ያለን የለም። ሚስት እንኳ አባት ነበር የሚመርጥ፤ ምን የመሰለ ሥርዓት! እኔማ የመረጠልኝን ትቼ የራሴን ይዤ መጣሁ እንጂ።

የዕድራችንን ላፕቶፕ ቫይረስ ለከፈው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ያልቃል፤ እሱ ገና ሊከፈት ነው። የልጅ ልጄን አስጠራሁ። ቀኑ አርብ፣ ከተማችን አርብ ገበያ በገበያተኛ ተጨናንቃ በጉ ይጮሃል፤ እሱ ጆሮው ላይ ነገር ሰክቶ መጣና «አባየ፣ ፎርማት ይደረግ። በየትኛው ይሁንልዎ?» አይለኝም!

ፋይሉን አቆይቶ ዊንዶውሱን እንደገና የሚጭን አለ፤ ሁሉን ጠራርጎ የሚጭን አለ። አቆየው ስለው፣ «ጽሑፉ ይቀራል እንጂ ፕሮግራሙ ሁሉ ይጠፋል» አለኝ። አማርኛ የምጽፍበት ፓወር ግዕዜስ? እሱም። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ ሳይጫን ሲከፈት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የዕድሩ ደንብ የፈረንጅ ፊደልና ቅንፍ ሆኖ ተተራምሷል። ቀብር የቀረ ሰው ስንት ብር እንደሚቀጣ እስቲ ከዚያ ውስጥ አንብቡልኝ! የወረቀት መዝገብ መቼ ፎርማት ይደረጋል? የደርጉን ዘመን አይጥ በላው እንጂ ሌላው እስከ ዛሬ አለ።

ይኸም ሳያንስ ከየት ይጫን ይለኛል። ከኢንተርኔት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ይወርዳል። ያን ሁሉ ዳታ ማን ይገዛል፤ እኔ ማታ ማታ ለማያት የዩቲዩብ ቀረርቶ እንኳ አልበቃኝም። ከራሱ ከኮምፒውተሩ ሆድ ከሆነ ዳታ አይበላም፤ ሆዱ ያለው ራሱ ተበላሽቶ እንደሆነስ? በፍላሽ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 8 ጊጋ የሚይዝ ይሻል፣ ላዩ ላይ ያለውም ሁሉ ይጠፋል። የኔ ፍላሽ ላይ ያለው እኮ የልጄ ሠርግ ነው!

የትኛው ዊንዶውስ ነው ደግሞ ሌላ ጣጣ። 10 በሐምሌ 2007 ወጣ፤ ጥቅምት 2018 ላይ መደበኛ ድጋፉ አበቃ። 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚሉት ነገር የሌለውን ማሽን አልቀበልም ባይ ነው። አሥር ዓመትም ዕድሜ ሆኖ! ኦሊቬቲ ታይፔ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ አለች። የ«ጸ» ቁልፏ ከወለቀ ወዲህ ጸሐፊ ብዬ መፈረም አቃተኝ እንጂ ንቅንቅ አላለችም።

«እሺ፣ ፋይሉን አቆይ፤ ከሆዱም ይጫን» አልኩት። መብራት መሐል ላይ ቢሄድ ብሎ ባትሪውን ሞልቶ፣ ቻርጀሩንም ሰክቶ ጀመረው። ቁጥሩ በመቶኛ ይቆጥራል፤ 34 ላይ ደርሶ ተገተረ። በጥፊ ላጮለው እጄን ሳነሳ «ኧረ አባየ!» ብሎ ያዘኝ።

ሲጨርስ መጀመሪያ ፓወር ግዕዙን ይጫንልኝ ብያለሁ። ይኸን አቤቱታ በእጄ ብጽፈው ማን ያነበዋል?